አንዲት ፀሐይ፣ ብዙ ሰዓት

ከንባብ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

1. በአማርኛ «ከጧቱ ሦስት ሰዓት» የሚባለው ጊዜ በአውሮፕላን ቲኬት ላይ እንዴት ተደርጎ ይጻፋል?
2. በአንድ ጊዜ በአንድ አገር ዓርብ፣ በሌላ አገር ቅዳሜ ሊሆን የሚችል ይመስላችኋል? ለምን?

ንባብ

የሀርጌሳ አየር ማረፊያ በተንጣለለ ሜዳ ላይ ይገኛል። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላለው የጧቱ አየር ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ሙቀቱ ፈጥኖ ይመጣል። አየር ማረፊያው የሚጠራው እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2002 ድረስ የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት በነበሩት በመሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ስም ነው። ከዚህ ሜዳ የሚነሡ አውሮፕላኖች ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዱባይና ወደ ሌሎችም ከተሞች ይበራሉ።

በመንገደኞች መቈያ ውስጥ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ሕመምተኛውና ዘመድ ጠያቂው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። ሁሉም ደጋግመው የሚመለከቱት ሰዓታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ሰዓት ያያሉ ማለት ሁሉም አንድ ዓይነት ሰዓት ያነብባሉ ማለት አይደለም። ይህንንም ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

አንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት በሀርጌሳ ከተማ በአንድ ምግብ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች እንበል። እናቷ አዲስ አበባ ውስጥ በጠና ስለ ታመሙ ሐኪሞች ቀዶ ጥገና እንዲደረግላቸው ወሰኑ። እናትየዋም ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ከመግባታቸው በፊት የልጃቸውን ዓይን ለማየት ተመኙ። ስለዚህ ታላቅ ወንድሟ ቲኬቱን አዲስ አበባ ላይ ገዛና ስልክ ደወለላት።

«እኅት ዓለም፣ አውሮፕላንሽ ነገ በስምንት ሰዓት ይነሣል። እማዬ ዓይኗ መንገድ መንገዱን እያየ ነው፤ እንዳትዘገዪ» አላት።

«አይዞህ ጋሼ፣ ሦስት ሰዓት ቀድሜ ነው የምደርሰው» አለችው።

በማግሥቱ ወጣቲቱ ልብሷንና ለእናቷ የገዛችውን ነጠላ ጫማ በሻንጣ ይዛ፣ ቃሏንም ጠብቃ፣ በረፋዱ አምስት ሰዓት ከአየር ማረፊያው ደረሰች። አውሮፕላኑ ግን ከተነሣ ሦስት ሰዓት አልፎታል። በቲኬቱ ላይ የተጻፈው 8:00 ነበርና። ወንድሟ ቍጥሩን እንዳየው አነበበው። እሷም በአማርኛ እንዳደገች ሰማችው፤ ስምንት ሰዓት ለእሷ ከምሳ በኋላ የሚመጣ ሰዓት ነው። ከሁለቱ አንዱም አልዋሸም፣ አንዱም አልሰነፈም። ሳይነገር የቀረው ነገር፣ ስምንት ሰዓት የተባለው በየትኛው አቈጣጠር እንደሆነ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ይህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ ሰዓት የሚቈጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ሲያልፍ «አንድ ሰዓት» ይባላል፤ ቀትር ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ የምትጠልቅበትም ጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ከዚያም የሌሊቱ ሰዓት እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል። ይህ አቈጣጠር ጥንታዊ ነው። በግእዝ የጸሎት ጊዜያት መካከል «ሠለስት» የሚባለው ሦስተኛው፣ «ተሰዓት» የሚባለውም ዘጠነኛው ሰዓት መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው። በብዙዎች አገሮች የተለመደው አቈጣጠር ግን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ስድስት ሰዓት ያህል ስላለ፣ ከንጋት የሚቈጥረው ሰው ሁለት ሲል ከእኩለ ሌሊት የሚቈጥረው ስምንት ይላል።

ከንጋት ጀምሮ መቍጠር ለኢትዮጵያ የተስማማበት ምክንያት አለው። አዲስ አበባም ሆነች ሀርጌሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ኬክሮስ በዓመቱ ውስጥ ረዥሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ንጋት ከዓመት እስከ ዓመት ስፍራውን ብዙ አይለቅም። በሰሜን ኖርዌይ ግን በበጋው ወራት ፀሐይ ለብዙ ሳምንታት አትጠልቅም፤ በዚያ የሚኖር ሰው ከንጋት ልቍጠር ቢል ንጋቱን አያገኘውም።

የሀርጌሳ ነዋሪም ቢሆን የሚኖረው በግድግዳ ሰዓት ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ሙስሊም በመሆኑ በየቀኑ አምስት ጊዜ ይሰግዳል። የሶላት ጊዜያትም የሚወሰኑት በፀሐይ ነው፤ ዙሁር ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል፣ መግሪብም ስትጠልቅ ይደርሳል። ስለዚህ በአየር ማረፊያው የሚሠራው ሰው በረራውን በሰዓት፣ ሶላቱን በፀሐይ እየለካ ይውላል።

አሁን ደግሞ የሰዓት ክልል የሚባለውን ነገር እንመልከት። ምድር በሃያ አራት ሰዓት አንድ ጊዜ በራስዋ ዛቢያ ላይ ትዞራለች። አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ስለሆነ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ በአራት ደቂቃ ደግሞ አንድ ዲግሪ ትዞራለች ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ በምሥራቅ ያለ አገር ፀሐይን የሚያየው በምዕራብ ካለው አስቀድሞ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ከተማ ቀትሩን በራሱ ፀሐይ ይወስን ነበር። ባቡርና ቴሌግራፍ ከተስፋፉ በኋላ ግን ይህ ልማድ ትልቅ ችግር ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1884 የ25 አገሮች መልእክተኞች በዋሽንግተን ተሰብስበው፣ በእንግሊዝ አገር በግሪኒች ላይ የሚያልፈው ኬንትሮስ የመነሻ መስመር እንዲሆን ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ አገሮች ቀስ በቀስ ሰዓታቸውን ከዚህ መስመር ጋር አዛመዱ። ኢትዮጵያም ሆነች ሀርጌሳ የሚከተሉት ከግሪኒች በሦስት ሰዓት የሚቀድመውን የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበሩን የሚሻገር መንገደኛ የእጅ ሰዓቱን መንካት አያስፈልገውም። ፀሐይ ግን ይህን ስምምነት አታውቅም። አዲስ አበባ በ39ኛው፣ ሀርጌሳ በ44ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ስለሚገኙ፣ በሀርጌሳ ፀሐይ የምትወጣው ከአዲስ አበባ 20 ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው። ሁለቱ ከተሞች ሰዓታቸው አንድ፣ ፀሐያቸው ግን ልዩ ነው።

አውሮፕላን አብራሪዎች ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው። አንድ አብራሪ በአንድ ቀን ብዙ የሰዓት ክልሎችን ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ የበረራው ዕቅድ በየትኛውም አገር በግሪኒች ላይ በተመሠረተው ዓለም አቀፍ ሰዓት ይጻፋል። የመንገደኛው ቲኬት ግን የሚጻፈው አውሮፕላኑ በሚነሣበትና በሚያርፍበት አገር ሰዓት ነው። ወጣቲቱ ያመለጣት አውሮፕላን ከሀርጌሳ በተነሣበት በዚያች ቅጽበት፣ ሰዓቱ በልዩ ልዩ ስፍራ እንደሚከተለው ነበር።

በአብራሪው የበረራ ዕቅድ — 05:00
በሀርጌሳ የግድግዳ ሰዓት — 08:00
በኢትዮጵያዊ መንገደኛ አነጋገር — ከጧቱ 2 ሰዓት
በዱባይ — 09:00
በዛንዚባር ደሴት — 08:00
በሳሞአ ደሴቶች — 18:00
በአሜሪካ ሳሞአ — 18:00፣ ነገር ግን የትናንትናው ዕለት

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ደሴቶች ሁለቱ በተለይ ሊጤኑ ይገባል።

ዛንዚባር በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ በታንዛኒያ ጠረፍ አጠገብ የምትገኝ፣ በቅርንፉድ ምርቷ የታወቀች ደሴት ናት። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስድስት ዲግሪ ያህል ላይ ብትሆንም፣ ኬንትሮስዋ ከአዲስ አበባ ኬንትሮስ ጋር ሊገጥም ጥቂት ነው የሚቀረው። የደሴቲቱ ሰዎች ቋንቋ ስዋሂሊ ነው። በስዋሂሊም ሰዓት የሚቈጠረው እንደ አማርኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። የግድግዳው ሰዓት 8:00 ሲያሳይ የዛንዚባር ሰው «ሁለት ሰዓት» ይላል። ባሕር የሚለያያቸው፣ ቋንቋቸውም የማይገናኝ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ዓይነት አቈጣጠር መገናኘታቸው አያስደንቅም፤ ሁለቱም ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናቸው ንጋታቸው የታመነ ነው።

ሳሞአ ደግሞ ከዚህ እጅግ ርቃ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ትገኛለች። አውሮፕላኑ ከሀርጌሳ በጧት ሲነሣ፣ በሳሞአ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ተቃርባለች። በብዙ የሳሞአ መንደሮች በዚህ ጊዜ ገደማ የማታ ጸሎት ምልክት ይሰማል፤ ቤተሰቡ በቤቱ ውስጥ ይሰበሰባል፣ መንገዱም ጸጥ ይላል። የሳሞአ ዋና ከተማ አፒያ፣ ከአሜሪካ ሳሞአ ዋና ከተማ ከፓጎ ፓጎ የምትርቀው 130 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ነው። የሁለቱ ደሴቶች ሕዝብ አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ በዝምድናም የተሳሰረ ነው። ሆኖም በመካከላቸው ዓለም አቀፉ የዕለት መለያ መስመር ያልፋል። በመሆኑም ቅዳሜ ከአፒያ የተነሣ ሰው ፓጎ ፓጎ ሲደርስ ዕለቱን ዓርብ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህ መስመር ሁልጊዜ በዚህ ስፍራ አልነበረም። ሳሞአ እ.ኤ.አ. በ1892 ከአሜሪካ ጋር ያላትን ንግድ ለማመቻቸት ስትል ወደ አሜሪካ ወገን ተዛወረች፤ በዚያ ዓመት አንዱን ቀን ሁለት ጊዜ ቈጠረችው። ከ100 ዓመት በኋላ ግን ንግዷ ይበልጡን ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ሆነ። በዚያን ጊዜ በሳሞአ ዓርብ ሲሆን በኒውዚላንድ ቅዳሜ ነበር፤ በሳሞአ እሑድ ሲሆን በአውስትራሊያ ሰኞ ነበር። ስለዚህ ነጋዴዎች በየሳምንቱ ሁለት የሥራ ቀን ይባክንባቸው ነበር። ይህንንም ለማስተካከል የሳሞአ መንግሥት ወደ ቀድሞው ወገን ለመመለስ ወሰነ። ሕዝቡ ሐሙስ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2011 ማታ ተኝቶ ሲነቃ ዕለቱ ቅዳሜ ታኅሣሥ 31 ነበር። በመካከል ያለችው ዓርብ በሳሞአ አልነጋችም። በኢትዮጵያ ግን ያቺው ዓርብ ታኅሣሥ 20 ቀን 2004 ዓ.ም. ተብላ ነግታ መሽታለች።

ከዚህ የምንረዳው ፀሐይና ምድር የተፈጥሮን ሥርዓት የሚከተሉ ሲሆኑ፣ ሰዓትና ዕለት ግን በሰዎች ስምምነት የቆሙ መሆናቸውን ነው። ስምምነት ደግሞ የሚጠቅመው ሁለቱም ወገኖች ሲያውቁት ነው።

ይህ እውቀት ለሀርጌሳ ሕዝብ የቤት ጕዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በሲያድ ባሬ መንግሥትና በሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መካከል በተደረገው ጦርነት ከተማይቱ በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበች። ቦምቡን የጫኑት አውሮፕላኖች ይነሡ የነበረውም ከዚሁ ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ ነበር። በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ በሐርተ ሼክና በሌሎችም መጠለያዎች ሰፈረ። ከዚያም ብዙ ቤተሰብ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ ተበታተነ። ስለዚህ ዛሬ በሀርጌሳ የምትኖር እናት ለንደን ወይም ቶሮንቶ ወዳለ ልጅዋ ከመደወሏ በፊት፣ በዚያ አገር ጧት ይሁን ሌሊት ማሰብ ይኖርባታል። በሀርጌሳ ከቀኑ 14:00 ሲሆን በቶሮንቶ በክረምት ገና 06:00 ነው። እነዚያ አገሮች በበጋ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ስለሚያስቀድሙ ልዩነቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለዋወጣል፤ በሀርጌሳና በአዲስ አበባ ግን ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይነካም። ልጆቻቸው በዋሽንግተን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ይህንኑ ስሌት በየቀኑ ያሰላሉ።

አሁን ወደ ወጣቲቱ እንመለስ። ያን ዕለት በአየር ማረፊያው ቅጥር ውጭ በሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ካለቀሰች በኋላ ለወንድሟ ደወለች። እሱም ስሕተቱን ተረድቶ በማግሥቱ ለሚነሣው አውሮፕላን ሌላ ቲኬት ገዛ። በዚህ ጊዜ የተናገረው እንዲህ ብሎ ነበር፤ «በቲኬቱ ላይ የተጻፈው 8:00 ነው። ይህም በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ ሁለት ሰዓት ነው። የሰማሽውን መልሰሽ ንገሪኝ።» እሷም «ከጧቱ ሁለት ሰዓት፤ ከንጋት በፊት እደርሳለሁ» ብላ መለሰችለት።

አዲስ አበባ ስትደርስ እናቷ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገብተው ነበር። ከበሩ ውጭ ቆማ ቀኑን ሙሉ ጠበቀች። ማታ ላይ እናትየው ነቅተው ዓይናቸውን ሲገልጡ ልጃቸውን አዩ። «ትናንት በር በሩን ሳይ ዋልሁ፤ ምነው ዘገየሽ ልጄ?» አሏት። ወጣቲቱ የእናቷን እጅ ይዛ ዝም አለች። በመካከላቸው ስለጠፋው አንድ ቀን በዚያ ሰዓት ለማስረዳት አልቻለችም።

ሰዓትን በመናገር ረገድ ጥንቃቄ ማድረግ ቀላል ነው፤ «ከጧቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከሌሊቱ» የሚሉትን ቃላት መጨመርና በየትኛው አቈጣጠር እንደሆነ መግለጽ ብቻ ይበቃል። የኢትዮጵያ አቈጣጠር ከሌላው ስለተለየ ስሕተት አይደለም፤ ሌላውም ከኢትዮጵያ ስለተለየ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ የሚመጣው አንዱን በሌላው ቦታ ሳይናገሩ ሲያስቀምጡት ነው።

መልመጃ

ሀ. በንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ወጣቲቱ አውሮፕላኑ ያመለጣት ሰንፋ ነው? መልሳችሁን ከንባቡ በተወሰደ ማስረጃ ደግፉ።
2. «ሠለስት» እና «ተሰዓት» የሚሉት የጸሎት ስሞች ስለ ኢትዮጵያ የሰዓት አቈጣጠር ምን ያስረዳሉ?
3. አዲስ አበባና ሀርጌሳ ሰዓታቸው አንድ ሆኖ ሳለ ፀሐይ በሀርጌሳ የምትቀድመው ለምንድን ነው?
4. ሳሞአ እ.ኤ.አ. በ2011 አንዲት ዓርብ የዘለለችው ምን ጥቅም ለማግኘት ነው?
5. «ስምምነት ደግሞ የሚጠቅመው ሁለቱም ወገኖች ሲያውቁት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከወጣቲቱና ከወንድሟ ታሪክ ጋር እንዴት ይዛመዳል?

ለ. የሚከተሉት ቃላት በንባቡ ውስጥ የያዙትን ትርጕም ከተረዳችሁ በኋላ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ረፋድ፣ ቅጽበት፣ ዛቢያ፣ ኬንትሮስ፣ ጠረፍ፣ ተበታተነ

ሐ. ከታች ያሉትን የቲኬት ሰዓቶች ወደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ለውጡ። «ከጧቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚለውን ቃል መጨመር አትርሱ።

1. 07:15
2. 14:30
3. 20:00
4. 02:45

መ. «ቈጠረ» ከሚለው ግሥ «ተቈጠረ»፣ «አስቈጠረ»፣ «ቈጣሪ»፣ «አቈጣጠር» የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። በዚሁ ዓይነት «ለካ» እና «ነገረ» ከሚሉት ግሦች የምታውቋቸውን ቃላት አውጡ፤ የትኛው ግሥ፣ የትኛው ስም እንደሆነም ለይታችሁ አመልክቱ።

ሠ. ድርሰት። ወጣቲቱ እናቷ ከዳኑ በኋላ የዘገየችበትን ምክንያት እንዴት እንደምታስረዳቸው፣ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ በምልልስ መልክ ጻፉ። እናትና ልጅ የሚነጋገሩበትን የአክብሮትና የፍቅር አነጋገር ጠብቁ።